የኮረኮንች ሞተር ብስክሌት ጐማና የመንኰራኵር ክፍሎች ክብደት
(ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት)

ጐማ ከውጭ አገር የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ከሁለት ፋብሪካዎች የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ ደረሰው እንበል። ሁለቱም የሚያቀርቡለት 110/90-19 የሚል ቍጥር የታተመበትን፣ በኮረኮንችና በጭቃ ላይ ለሚነዳ ሞተር ብስክሌት የሚሆን የኋላ ጐማ ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ ጐማ 5.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሻጩም «ቀላል ስለ ሆነ የማጓጓዣ ወጪ ይቀንስልዎታል» ሲል ጽፎአል። የሁለተኛው ጐማ 6.6 ኪሎ ግራም ነው፤ የእርሱም ሻጭ በበኩሉ «ከባድ ስለ ሆነ ጠንካራ ነው» ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ነጋዴው የሚያዝዘው ሁለት መቶ ጐማ ሲሆን፣ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጁ እስኪገባ ድረስ ወራት ይፈጃል። እንግዲህ የትኛውን ሻጭ ይመን?

ሁለቱም ሻጮች የጠቀሱት ቍጥር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከቍጥሩ ያወጡት ፍርድ ግን ሳይመረመር የሚታመን አይደለም። የክብደት ቍጥር ለነጋዴ የሚጠቅመው ምን ተመዝኖ እንደ ተገኘ፣ ክብደቱ በመንኰራኵሩ ላይ የት ቦታ እንደ ተቀመጠ፣ ዕቃውንም የሚገዛው ደንበኛ ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ሚዛኑ ላይ የወጣው ምንድር ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በዋጋ ዝርዝር ላይ «ክብደት» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዐይነት አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ሻጭ የሚጽፈው የጐማውን የተጣራ ክብደት ነው። ሌላው ጐማውን ከነማሸጊያው ይመዝንና ጠቅላላ ክብደቱን ያስቀምጣል። ሦስተኛው ደግሞ በሚዛን ላይ ጨርሶ ሳያወጣ፣ አጓጓዡ የሚያስከፍልበትን የስሌት ክብደት ይገለብጣል፤ ይህ የመጨረሻው ከእውነተኛው ክብደት በብዙ ሊበልጥ እንደሚችል ወደ ታች ይታያል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ መለኪያው ነው። የአሜሪካ ሻጮች በፓውንድ ይጽፋሉ፤ አንድ ፓውንድ 453.6 ግራም ነው። 13.5 ፓውንድ የተባለ ጐማ ወደ 6.1 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የቍጥር ዓምድ ብቻ ተገልብጦ የመለኪያው ስም ሲቀር ስሕተቱ ከጸሓፊ ወደ ጸሓፊ ይተላለፋል፣ የሚታወቀውም ዕቃው ደርሶ ሲመዘን ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ገንዘብ የሚያስጠፋው «ሙሉ መንኰራኵር» የሚለው አነጋገር ነው። ለአንዱ ሻጭ ሙሉ መንኰራኵር ማለት ቸርኬው፣ ሽቦዎቹና እምብርቱ ከነኩሽኔታው ነው። ለሌላው የፍሬን ዲስኩና የካቴናው ጥርስ ይጨመርበታል። ለሦስተኛው ጐማውና ከመነዳሪው ተገጥመውበት፣ ነፋስም ተሞልቶ የቀረበ ነው። የውድድር ሞተር ብስክሌት የኋላ መንኰራኵር ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሲመዘን ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚያህለውን የሚይዘው ጐማው ብቻውን ነው። ስለዚህ የአንዱን ባዶ ቸርኬ ከሌላው ሙሉ መንኰራኵር ጋር አስተያይቶ «ይህ ቀላል ነው» ማለት በቅሎን ከነጭነትዋ፣ ፈረስን ከነልጓሙ ብቻ እንደ መመዘን ነው።

ነጋዴው ራሱ ሊመዝን ቢፈልግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። መንጠቆ ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን ለጐማ ይበቃል፤ ለሽቦና ለኩሽኔታ ግን በግራም የሚቈጥር ትንሽ ሚዛን ያሻል። ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ጄሪካን ባዶውን መዝኖ፣ ቀጥሎ በመለኪያ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምሮ እንደገና መመዘን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለ ሆነ ልዩነቱ 10 ኪሎ ግራም ካልመጣ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ቍጥር ያላቸው ሁለት ጐማዎችም እኩል አይመዝኑም፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ መዝኖ ከመፍረድ አምስቱን መዝኖ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

ጐማው ራሱ

በጐማው ጐን ላይ የታተመው ቍጥር መጠንን እንጂ ክብደትን አይናገርም። 110/90-19 በሚለው ውስጥ 110 የጐማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 90 ደግሞ ቁመቱ ከስፋቱ 90 በመቶ መሆኑን ያመለክታል፤ 19 ጐማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ስፋት በኢንች ነው። ከፊት የሚገባው 80/100-21 እንዲሁ ይነበባል። ከዚህ ቀጥሎ 62 ኤም ወይም 51 ኤም የሚል ምልክት ቢገኝ፣ 62 ማለት ጐማው 265 ኪሎ ግራም፣ 51 ማለት 195 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤም የሚለው ፊደል በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር መነዳት መቻሉን ያሳያል። ሁለት ጐማዎች በእነዚህ ሁሉ ምልክቶች እኩል ሆነው ሳሉ በክብደት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ ከጥርሱ ነው። የጭቃ ጐማ ጥርስ ረዥም ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት በጐማው ዙሪያ ሁሉ ሲደመር መቶ ግራሞችን ያመጣል። አንድ የኋላ ጐማ ጥርሱ እስኪያልቅ ከተነዳ በኋላ ቢመዘን ከአዲሱ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሊጐድል የሚችለውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛ ከአካሉ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር የሚነጠፈው የክር ድርብርብ ሲበዛ ጐማው ይከብዳል፣ ድንጋይ ሲመታውም ጐኑ ቶሎ አይሰነጠቅም። ሦስተኛ በከንፈሩ ውስጥ ከሚገባው የሽቦ ቀለበት ነው። እነዚህ ሦስቱ ለገዢው የሚጠቅሙ ክብደቶች ናቸው።

አራተኛው ግን አይጠቅምም። ጥሬ ላስቲክ ከውሃ ጥቂት ይቀላል፤ በላስቲኩ ውስጥ የሚደባለቀው ጥቁር የካርቦን ዱቄት ላስቲኩን ያጠነክረዋል፣ ከመቦረሽም ይጠብቀዋል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ግን የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሸክላ የሚመስል አፈር አብዝቶ የሚጨምር ፋብሪካ አለ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ክብደቱ ከውሃ 2.7 እጥፍ ነው፤ ላስቲኩን ግን እንደ ካርቦኑ አያጠነክረውም። እንዲህ ያለው ጐማ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይከብዳል፣ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጥርሱ እየተቈረሰ ይወድቃል። «ከባድ ስለ ሆነ ጠንካራ ነው» የሚለው ሻጭ እውነቱን ይሁን ሐሰቱን የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው በማናቸውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የአርኪሜዲስ ትምህርት ነው። ከናሙናው ጐማ ላይ ብዛት ያላቸው ጥርሶች በስለት ተቈርጠው በትንሹ ሚዛን ይመዘኑ። ቀጥሎ የመለኪያ ብርጭቆ እስከ ታወቀ ምልክት ድረስ ውሃ ተሞልቶ ጥርሶቹ ይጨመሩበት፤ ውሃው ከፍ ያለበት መጠን በሴንቲ ሜትር ኩብ ይነበብ። ጥርሶቹ 115 ግራም መዝነው ውሃውን በ100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ከፍ ካደረጉት ውጤቱ 1.15 ነው፤ ለጐማ ላስቲክ ይህ የተለመደ ነው። ከ1.3 በላይ ሲወጣ ሻጩ በላስቲኩ ውስጥ ምን እንደ ጨመረ መጠየቅ ይገባል። አንድ ናሙና ጐማ በዚህ ፈተና ይበላሻል፤ ሁለት መቶ ጐማ ከመበላሸቱ ግን ይሻላል።

ክብደት ጨርሶ የማይነግረው ነገርም አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። ዓመታት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጐማ ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል። በጐማው ጐን ላይ ዶት ከሚለው ምልክት ጋር የሚገኘው ረዥም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ለውድድር ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ጐማዎች ይህ ምልክት ስለሌላቸው ነጋዴው በደብዳቤ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከመነዳሪ

ባለሱቆች ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጡት ለከመነዳሪ ነው፤ በክብደት የሚደረገው ማነጻጸር ከሁሉ ይልቅ እውነት የሚናገረው ግን በእርሱ ላይ ነው። ከመነዳሪ ክር የለውም፣ ጥርስ የለውም፣ ከቫልቩ በቀር ብረት የለውም፤ ላስቲክ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ከመነዳሪዎች በክብደት ከተለያዩ ልዩነቱ ከሞላ ጐደል የውፍረት ነው።

ስሌቱም ቀላል ነው። ባለ 21 ኢንቹ ከመነዳሪ ነፋስ ጥቂት ገብቶለት ቅርጹን ሲይዝ፣ የቱቦው ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 6 ሴንቲ ሜትር፣ የክቡ አማካይ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። 3.14 በ6 ሲባዛ 18.8፣ 3.14 በ60 ሲባዛ 188 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ የላስቲኩ ስፋት ወደ 3,550 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይመጣል። ላስቲኩ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 710 ሴንቲ ሜትር ኩብ ላስቲክ አለ ማለት ነው፤ በ1.15 ሲባዛ 0.8 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብደቱ 1.6 ኪሎ ግራም ይሆናል። እንግዲህ በካርቶኑ ላይ «ልዩ ወፍራም፣ 4 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የተጻፈበት ባለ 21 ከመነዳሪ ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ኪሎ ግራም ብቻ ቢመዝን፣ የሚዋሸው ካርቶኑ ነው። አንድ ባለሱቅ ይህን ለማወቅ ካርቶን መክፈትም አያስፈልገውም።

ወፍራም ከመነዳሪ ለምን ይፈለጋል ቢባል፣ ጐማው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቈንጥጦ ሁለት ቀዳዳ እንዳያወጣ ነው። ይህን የጎሚስታ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋው ግን ክብደት ነው፤ በሁለቱ መንኰራኵሮች ላይ ሲደመር አንድ ኪሎ ተኩልና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። የላስቲኩ ዐይነትም ይታሰብ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ የተፈለሰፈው ቡቲል የሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነፋስን ከተፈጥሮ ላስቲክ በጣም አሻሽሎ ይይዛል፤ የተፈጥሮው ላስቲክ በበኩሉ ይለጠጣል፣ ሲወጋም ቶሎ አይተረተርም። ይህን ልዩነት ሚዛን አያሳይም።

በውድድር አገሮች በከመነዳሪ ፈንታ ጐማውን የሚሞላ ስፖንጅ መሰል ነገር ይገባል። ከተራ ከመነዳሪ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ፈጽሞ ስለማይቀደድ ተወዳዳሪዎች ይወዱታል። ለተራው መንገደኛ ግን አይመከርም፤ ለረዥም ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ ይሞቃልና።

ቸርኬ፣ ሽቦና እምብርት

ብረት ከውሃ 7.85 እጥፍ፣ አሉሚኒየም 2.7 እጥፍ ይከብዳል። ከዚህ ተነሥቶ የአሉሚኒየም ቸርኬ የብረቱን አንድ ሦስተኛ ይመዝናል ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ ግን ያዝናል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ጠንካራ ስላልሆነ ፋብሪካው ወፈር አድርጎ ይሠራዋል፤ ቅናሹም ስሌቱ ከሚለው ያነሰ ነው። ቅናሹ እንደ ስሌቱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ቸርኬ ቀጭን ስለ ሆነ ጥርጣሬ ያሳድራል። የተጣመመ የብረት ቸርኬ በመንደር ጋራዥ ሊቃና ይችላል፤ አሉሚኒየም በመዶሻ ሲቃና ይሰነጠቃል። ክፍለ ሀገር ዕቃ የሚልክ አስመጪ ይህን ከክብደቱ አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል።

የሽቦዎቹ ጕዳይ አጭር ነው። በብዙዎቹ መንኰራኵሮች ላይ 36 ሽቦ አለ። 22 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ 16.6 ግራም ያህል፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ 21.7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ36 ሲባዛ ልዩነቱ ሁለት መቶ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ለሁለት መቶ ግራም ብሎ ቀጭን ሽቦ ማስመጣት ማትረፍ አይባልም። ጐማው በቸርኬው ላይ እንዳይንሸራተት በውስጥ የሚታሰረው ማጥበቂያም እንዲሁ ሁለት መቶ ግራም ያህል ቢሆን ነው።

የካቴናው ጥርስ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። የአሉሚኒየሙ ከብረቱ ግማሽ በታች ይመዝናል፤ በጭቃና በአሸዋ ውስጥ ግን ቶሎ ይበላል። እዚህ ላይ አንድ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። ክብደት የሚያስቸግረው እንደ ተቀመጠበት ቦታ ነው። በመንኰራኵሩ ጠርዝ ላይ ያለ ዕቃ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል፣ በዚያው ላይ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር በጐማው ላይ ያለው አንድ ኪሎ እንደ ሁለት ኪሎ ያህል ይከብደዋል። በእምብርቱ አጠገብ ያለው አንድ ኪሎ ግን ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ከጥርሱ ላይ 300 ግራም ለማውረድ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ፣ ያንኑ 300 ግራም ከጐማው ወይም ከከመነዳሪው ላይ ቢያወርድ ጥቅሙ እጥፍ ሊጠጋለት በቻለ ነበር። በተጨማሪም ጐማም ሆነ ጥርስ፣ ከመንኰራኵር ጋር ያለው ክብደት ሁሉ ከሞላ (ሱስታ) በታች ስለሚውል፣ ሲከብድ መንኰራኵሩ ከጕድጓድ ወጥቶ መሬት ለመያዝ ይዘገያል።

ስለ ማጓጓዣው

አሁን ወደ መጀመሪያው ሻጭ ቃል እንመለስ፤ ቀላሉ ጐማ የማጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል ብሎ ነበር። የ110/90-19 ጐማ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 68 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 68 በ68 በ12 ሲባዛ 55,488 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል። ሁለት መቶው ጐማ እንግዲህ ወደ 11.1 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ክብደቱ ደግሞ የቀላሉ 1,080፣ የከባዱ 1,320 ኪሎ ግራም ነው።

ኮንቴይነር ለማይሞላ ጭነት የመርከብ ኪራይ በተለመደው ደንብ የሚከፈለው ከሜትር ኩቡና ከቶኑ በሚበልጠው ነው። 11.1 ሜትር ኩብ ከ1.08 ቶንም ከ1.32 ቶንም በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ለሁለቱም የሚከፈለው ለ11.1 ሜትር ኩብ ነው፣ ልዩነት የለም። ጐማዎቹ ተጨምቀው ቦታው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ለሁለቱም የሚቈጠረው ያው ሜትር ኩቡ ነው። (ከንፈራቸው እስኪጣመም የተጨመቁ ጐማዎች ግን ቸርኬ ላይ አልቀመጥ ስለሚሉ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቅናሽ በጥንቃቄ ይታይ።) በአውሮፕላን ሲጫን ደግሞ አየር መንገዶች በተለመደው ደንብ 6,000 ሴንቲ ሜትር ኩቡን እንደ አንድ ኪሎ ግራም ይቈጥራሉ፤ 55,488 ለ6,000 ሲካፈል 9.25 ይሆናል። እንግዲህ 5.4 የሚመዝነውም 6.6 የሚመዝነውም ጐማ እኩል የ9.25 ኪሎ ግራም ኪራይ ይከፈልበታል። ከላይ የተጠቀሰው የስሌት ክብደት ይህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሻጭ ተስፋ በባሕርም በአየርም ባዶ ነው። ክብደቱ የሚሰማው ከወደብ በኋላ፣ ዕቃው ከጅቡቲ ወይም ከሞጆ ደረቅ ወደብ በኩንታል ሒሳብ በመኪና ሲጫን ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 240 ኪሎ ግራም፣ ማለት ሁለት ኩንታል ተኩል አይሞላም።

ከመነዳሪ፣ የካቴና ጥርስ፣ ሽቦና ኩሽኔታ ግን ከዚህ ተቃራኒ ናቸው። 22 በ14 በ8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ ወፍራም ከመነዳሪ የስሌት ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ሚዛን ላይ ግን 1.6 ኪሎ ግራም ነው፤ ኪራይ የሚከፈለው በሚዛኑ ነው። ብልኅ አስመጪ ሁለቱን ያዋሕዳል። 11.1 ሜትር ኩብ ጐማ ከአንድ ቶን ተኩል ከመነዳሪና ጥርስ ጋር በአንድ የጭነት ሰነድ ቢላክ፣ ኪራዩ አሁንም በሜትር ኩብ ስለሚታሰብ፣ ከባዱ ዕቃ የሚጨምረው የያዘውን ጥቂት ቦታ ያህል ብቻ ነው፤ ክብደቱ ያለ ዋጋ ይጓዛል። የመርከቡ ኪራይ ቀረጥ በሚታሰብበት ዋጋ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቅናሹ በጉምሩክም ይከተለዋል። ያን ጊዜ በእሽጉ ዝርዝር ላይ የየዕቃው የተጣራና ጠቅላላ ክብደት ለየብቻ ይጻፍ፤ በታሪፍ መጽሐፍ የሞተር ብስክሌት ጐማ በ40.11፣ ከመነዳሪ በ40.13፣ ቸርኬና ጥርስ በ87.14 ተራ ስለሚመደቡ፣ በአንድ ድምር የተጻፈ ክብደት መጋዘን ውስጥ ያስቈያል።

ገዢው ማን ነው?

ሞተር ብስክሌት በአውሮፓና በአሜሪካ የጭቃ ውድድር ሜዳ ላይ ሲነዳ መሬቱ በትራክተር የለሰለሰ ነው፤ ተወዳዳሪውም ጐማውን ከጥቂት ሩጫ በኋላ ይጥለዋል። ለእርሱ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ትርፍ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ግን በሞተር ብስክሌት የሚሄደው የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ ከኋላው ሰው ወይም ዕቃ ጭኖ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ይጓዛል፤ ጐማ የሚያስተካክልለት ሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው የጐማው ጐን ጥንካሬ፣ የሚሸከመው ክብደትና የከመነዳሪው ውፍረት ከቅለት ይበልጣሉ። ለውድድር ብቻ ተሠርቶ «በአውራ ጐዳና ላይ አይነዳም» የሚል ማስታወቂያ የታተመበትን ቀላል ጐማ ለእርሱ መሸጥ ደንበኛን ከማጣትም አልፎ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስለዚህ የሁለት መቶ ጐማ ትዕዛዝ የያዘው ነጋዴ፣ ለሁለቱም ሻጮች በአንድ ቃል እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦ «ከማዘዛችን በፊት ሁለት ሁለት ናሙና ጐማ እንዲልኩልን፣ ከዚሁም ጋር የእያንዳንዱን ጐማ የተጣራ ክብደት ያለ ማሸጊያና ያለ ከመነዳሪ በኪሎ ግራም፣ ከአምስት ጐማ በተገኘ አማካይ፣ የጥርሱን ቁመት በሚሊ ሜትር፣ የክሩን ድርብ ብዛት፣ የመሸከም ቍጥሩንና የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት እንዲገልጹልን እናስታውቃለን። ዕቃው ሲደርስ ክብደቱ ከገለጹት ከአምስት በመቶ በላይ ቢለይ የዋጋ ማስተካከያ እንደምንጠይቅ ከወዲሁ ይታወቅ።»

ናሙናው ሲደርስ አንዱ ይመዘን፣ ጥርሱም ተቈርጦ በውሃ ይፈተን፤ ሁለተኛው በአንድ የታመነ ደንበኛ ሞተር ብስክሌት ላይ ገብቶ አንድ ወር ይነዳ። ሁለት መቶው ጐማ ሲመጣም ማሸጊያው ከመፈታቱ በፊት፣ ዕቃ አስተላላፊው ባለበት፣ ከልዩ ልዩ እሽግ አምስት ጐማ ወጥቶ ይመዘንና ቃለ ጉባኤ ይፈረም፤ ሻጩ ክርክር ቢያነሣ ይህ ወረቀት በነጋዴው እጅ ያለ ማስረጃ ይሆናል።